አባቷ ቤት የቀረችው ኡዴያኩ

ኡዴያኩን የማውቃት ሁለታችንም ልጆች ሆነን ከወንዝ ውኃ አብረን ስንቀዳ ጀምሮ ነው። ስትስቅ ከማዶ ይሰማ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ከእሷ መጀመሪያ የጠፋው ያ ሳቅ ነው።

አባቷ ኤዜናጉ አምስት ሴቶች ወለደ፤ ወንዶቹ ግን ጥርስ ሳያበቅሉ ሞቱበት። አራቱ ሴቶች ተዳሩና የመጨረሻዋ ኡዴያኩ ቀረች። ኢሎዱባ የሚባል የጎረቤት መንደር ልጅ፣ ዘንባባ ላይ እየወጣ ጠጅ የሚያወርድ፣ ወደዳት። እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ።

በዕለቱ ኡዴያኩ እንደ ሙሽራ ወግ ጠጅ የተሞላ ቅል ከአባቷ እጅ ተቀብላ፣ ከሰዉ መሃል ለመረጠችው ልታጠጣ ተነሣች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ኢሎዱባ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት አባቷ ጠራት።

«ኡዴያኩ፣ መልሺው።»

«አባዬ?»

«ቅሉን ወደ እኔ መልሺው። አንቺ የትም አትሄጂም። ወንድ የለኝ፤ ይሄን ግቢ ሣር ይዋጠው?»

ኢሎዱባ ብድግ ሊል ሲል አጎቱ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። እሷ አንድ ጠብታ ሳታፈስ ተመለሰች። አባቷ ጠጣና ቅሉን ደፋው።

እንዲህ ሆና ቀረች፤ በአገራችን ወግ ባል ሳታገባ፣ በአባቷ ስም ወንድ እንድትወልድ። የሚያስረግዛት ሰው በጓሮ ይመጣል፣ በጓሮ ይሄዳል፤ የሚወለደው ልጅ የኤዜናጉ ነው። ኢሎዱባ አንድ ቀን እንኳ ዝር አላለም። በሦስተኛው ዓመት ወንድ ወለደች። አያቱ ኦቢኤቺና አለው፤ ግቢው አይጥፋ ማለቱ ነው። ልጁ አያቱን «አባዬ» እያለ፣ እናቱን «ኡዴያኩ» እያለ አደገ። በሥርዓቱ ወንድሟ ነዋ።

አንድ ቀን ካሳቫ እየላጥን፣ «አንዴ እንኳ "እማዬ" ቢለኝ» አለችኝ።

«ቂጡን በጥፊ ብለሽ አታስተምሪውም?»

«አባቴ ይሰማል» አለች። ይህን የምትለው የአንድ ልጅ እናት ናት እንግዲህ።

የድሮውን አላሞግስም። ግን ያኔ ማንም አፉን አይከፍትባትም ነበር። አንድ ሰካራም «ባል አልባ» ቢላት፣ የመንደሩ ሴቶች ግቢው ገብተን ሦስት ቀን ዘፈን አወጣንበት። አፍንጫውንም፣ አካሄዱንም አልማርነውም። ፍየል ሰጥቶ ነው የተገላገለን።

ኋላ ኤዜናጉ ሞተ። ኦቢኤቺና ኦኒቻ ከተማ ወርዶ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ሆነ፣ በቤተ ክርስቲያንም የተከበረ ሰው ወጣው። ኡዴያኩ የእናቶች ማኅበር ልትመዘገብ ብትሄድ፣ ጸሐፊዋ «የማን ሚስት ብዬ ልጻፍ?» አለቻት። ሳትመዘገብ ተመለሰች። በዚያች ጸሐፊ ላይ የሚዘፍን አልተገኘም። ዘፋኞቹ እኛ ነበርን፤ እኛም ማኅበርተኛ ሆነናል።

የልጅ ልጄ ሕግ ተምራለች። «አያቴ፣ ዛሬ እኮ ሴት ልጅም አባቷን ትወርሳለች» ትለኛለች። ደስ ይለኛል። ዛሬ ቢሆን ኤዜናጉ ግቢውን ሰጥቶ ይድራት ነበር። ወይም አይድራትም ነበር፣ እኔ እንጃ።

ባለፈው ክረምት ኡዴያኩ ታመመች። ኦቢኤቺና ሐኪም አመጣ፣ አዲስ አልጋ ገዛላት። ክፉ ሰው አይደለም። በረንዳው ላይ ያዝኩት።

«ኦቢ፣ ግባና አንዴ "እማዬ" በላት። የምትጠብቀው እሱን ነው።»

«እማማ ኦሊያኩ፣ እኔ ለሰው ሁሉ እህቴ ናት ብያለሁ። ሚስቴም የምታውቀው እንደዚያ ነው። በስድሳ ዓመቴ አባቴ አይታወቅም ብዬ ልነሣ?»

«ለሚስትህ ንገር ማን አለህ? ለእሷ፣ በጆሮዋ።»

«ኡዴያኩ ታውቃለች።»

«ማወቁንማ ታውቃለች። መስማት ነው ያልሰማችው።»

ሰዓቱን አየ። ገባ፣ ብርድ ልብሷን አስተካከለላት፣ «ኡዴያኩ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ» አላትና ወጣ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በአራተኛው ቀን ሞተች። ፎቶዋ ያለበት የቀብር ማስታወቂያ ከገበያው እስከ ግቢው በር ተለጠፈ። እኔ ፊደል እየቆጠርኩ ነው የማነበው። «የምንወዳት እህታችን» ይላል።

ቀብሩ ላይ ቄሱ አፈር የሚያለብሱትን በተራ ጠራ።

«ልጆች» አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዝናብ ያካፋል። ቄሱ ወረቀቱን አየና ቀና ብሎ ደገመው፤ «ልጆች»። ኦቢኤቺና ጫማውን ያያል።

«እሺ፣ ወንድምና እህት።»

ያኔ ኦቢኤቺና ወጣና አፈር ዘገነ።

የጓደኛ ተራ መጨረሻ ነው። እኔ ጋ እስኪደርስ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ነበር።