ዳባት ላይ የጎደለችው

ስንት ልጅ እንዳለኝ አልነግራችሁም። ብዙ ናቸው በሉና እለፉት። በእኛ ቤት ልጅ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ልጅ ለዓይን ይጋለጣል ይባላል። እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ አሳደግኋቸው። ባለቤቴ ኸሊል ግን ከልጆቹ በቀር ሌላውን ሁሉ ለክቶ፣ የለካውንም ደግሞ ለክቶ የሚኖር ሰው ነው። ልብስ ሰፊ ነዋ። ጎንደር አራዳ፣ ከፋሲል ግንብ አጥር ብዙም በማትርቅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ ነው ያረጀው። እሱ ዘንድ አንዲት ብጣሽ አትጣልም። ከሱሪ የተረፈው ኪስ ይሆናል፤ ከኪስ የተረፈው ትራስ ውስጥ ይገባል። ሰው ስስታም ሲለው "ቆጣቢ በሉኝ" ይላል። እኔ ሁለቱንም ብዬዋለሁ።

አንድ የሚያባክነው ነገር ቢኖር ምላሱን ነው፤ እሱንም ለታሪክ። አባቱ አዲስ ዓለም ሠፈር ውስጥ የታወቁ ሸማኔ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ መርፌ ያዘ እንጂ ምኞቱ የታሪክ አስተማሪ መሆን ነበር። ስለዚህ ያላገኛቸው ተማሪዎቹ እኔና ልጆቹ ሆንን። ከስፌት መኪናው ዙሪያ ሰብስቦ የነገሥታቱን ስም በተራ ያስጠራቸዋል። "ግንቡን በየቀኑ እያያችሁ ማን እንደሠራው ካላወቃችሁ፣ እላዩ ላይ ከምታርፈው እርግብ በምን ትሻላላችሁ?" ይላቸዋል። አክሱም ወስዶ ሐውልቱን ሊያሳያቸው፣ ከዚያም ነጋሽ ዘልቆ የነቢዩን ሰሃቦች ያስጠለለው ንጉሥ ካረፈበት መስጊድ ሊያሰግዳቸው ይመኝ ነበር። ይህን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ያን ጊዜ እኔም እወደዋለሁ።

መስከረም 1996 ላይ ቀን ቆረጠ። የዩኒፎርሙ ግርግር በርዷል፤ ትምህርቱም ተከፈተ ቢባል በወጉ የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው። ያን ሁሉ ልጅ በአውቶቡስ መውሰድማ የማይታሰብ ነበር። ይባረክ የሚባል ሹፌር ደንበኛው፣ ከሽሬ ጭነት ሊያመጣ ባዶ አይሱዙውን ይዞ እንደሚሄድ ሰማና ተዋዋሉ፤ እሱ እኛን ያደርሳል፣ ኸሊል ኮትና ሁለት ሱሪ ይሰፋለታል። ስንቁ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ዳቦ፤ ማደሪያው ዘመድና መስጊድ ግቢ። ኸሊል ጮቤ ረገጠ።

እኔ ግን ፈራሁ። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። የሊማሊሞን ገደል ስም ስሰማ ገና ዱዓ እጀምራለሁ። "ኸሊል፣ ፎቶውን አሳያቸው፣ ይበቃቸዋል" አልኩት። "ፎቶ ጨርቅ ነው፣ ልብስ አይደለም" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይረታል?

ጎህ ሲቀድ ተጫንን። ከፊት ከሹፌሩ አጠገብ አማቴ እማማ ፈህሚያ፣ እኔ ጡት የሚጠባውን አቅፌ፣ በመሃላችን ደግሞ መርዋ። መርዋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከልጆቼ ሁሉ ዝምተኛዋ፣ ሳትናገር የምትውል። የቀሩት ከአባታቸውና ከታላቃቸው ከኡዘይር ጋር ከኋላ፣ ሸራው ሥር ሆኑ። ይባረክ በሩን ከመዝጋቱ በፊት "አያ ኸሊል፣ መንገድ ነውና ልጆቹን ልቁጠርና ልያዝ" አለ።

እማማ ዘወር ብለው አዩት። "ምነው ልጄ? ልጅ እንደ በግ ይቆጠራል እንዴ? ተው፣ ተው" አሉት። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ ኋላ በማንም ላይ እንዳልፈርድ ይህንን አልረሳም። ኸሊል የራሱ ዘዴ ነበረው። ወደ ሸራው ተጠግቶ "ሁላችሁም አላችሁ?" ይላል፤ ልጆቹ ባንድ ድምፅ "አለን!" ይላሉ። የሌለ ልጅ የለሁም ብሎ እንደማይመልስ ያን ጊዜ ማንም አላሰበም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ግድም ኮሶዬ ደረስን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ምግብ ቤቶቹን አልፈን መንገድ ዳር ካለ ባሕር ዛፍ ሥር ወረድንና ዳቦ ቆረስኩላቸው። ጉሙ ጥቂት ገለጥ ሲል ከእግራችን ሥር ያለው ገደል ታየ። ሥሩ አይታይም። ወዲያ ማዶ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ። ኸሊል ዱላውን ዘርግቶ "የነገሥታቱ ሠራዊት ወደ ሰሜን ሲዘምት በዚህ ያልፍ ነበር" እያለ ያስተምራል። እኔ የልጆቹን ቀሚስና ኮት እየጎተትኩ ወደ መንገዱ ስመልስ ከትምህርቱ አንድም አልሰማሁ።

ካፊያ ጀመረ። ሁሉም ወደ መኪናው ተሯሯጠ። መርዋ መንገድ ላይ አስመልሷት ስለነበር ቀሚሴን ይዛ "ከነኡዘይር ጋር ልሁን" አለችኝ። "አባትሽን ጠይቂ" አልኳትና ሕፃኑን ይዤ ወጣሁ። ኋላ እንደሰማሁት፣ ሄዳ ኡዘይርን ጠይቃ ነበር፤ እሱ ደግሞ "ዝናብ ነው፣ ከእማዬ ጋር ሁኚ" ብሎ መለሳት። "ሁላችሁም አላችሁ?" የሚለው የኸሊል ድምፅ ከኋላ መጣ። "አለን!" አሉ። መኪናው ተነሳ።

አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ወደ ኋላ ዞር አልኩ። "መርዋ ከኋላ ናት አይደል?" አልኩ። "የት ትሆናለች ታዲያ?" አሉ እማማ። አቁም ልለው ይባረክን አየሁት፤ ከጠጠሩና ከጭቃው ጋር ይታገላል። ደግሞ እዚህም እዚያም የምትፈራ ሴት እንዳልባል አፈርኩ። ለዚያ እፍረት እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ዳባት ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። ከአንዲት ሻይ ቤት ደጅ ቆምን። ኸሊል እንደ ልማዱ አንዱን ብርጭቆ ለሁለት ልጅ አዘዘ። እኔ ዳቦውን አወጣሁ። በስማቸው እየጠራሁ ነው የማድላቸው፤ ታላቁን፣ ተከታዩን፣ እንዲህ እያልኩ ወደ ታች። "መርዋ" አልኩ። ማንም እጁን አልዘረጋም። "መርዋ!" አልኩ ደግሜ። ድርሻዋ እጄ ላይ ቀረ።

ኡዘይር አየኝ። "ከአንቺ ጋር አይደለችም እንዴ?" አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም። ክው ነው ያልኩት። መኪናው ሥር፣ ሸራው ውስጥ፣ ከጆንያው ኋላ ፈለግን። እማማ መሬት ላይ ቁጭ ብለው "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላሉ። ኸሊል ባዶውን ሸራ ደጋግሞ ይገልጣል፤ አንዴ ገልጦ ያየውን እንደገና ይገልጣል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ" አልኩት። "ሐውልት አሳያለሁ ብለህ ልጄን ገደል አፋፍ ላይ ጣልካት።" በሰው ፊት እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ሸራውን እንደገና ገለጠው። ቢመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

ይባረክ ሞተሩን አስነስቷል። "ሳልሳሳ ነው የምነዳው፤ ባዶ መኪና ይዘላል። ከኋላ ሕፃን አላስቀምጥም። እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ኑ" አለ። ስለዚህ ልጆቹን በሙሉ፣ የሚጠባውን እንኳ ሳይቀር፣ ለእማማና ለኡዘይር ትተን ወጣን። ዞር ስል ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ተሰልፈው ያዩናል። አንዱም አላለቀሰም።

ያ መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላህ ያውቃል። ሲመጣ ያጠረው ሲመለስ ረዘመ። የማየው ሁሉ መርዋ ነው። ጃኬት የለበሰች ልጅ፣ ነጠላ ያደረገች ሴት፣ መንገድ ዳር የቆመ ግንድ ሳይቀር ልቤን ስንጥቅ ያደርገዋል፤ ስንቀርብ እሷ አይደለችም። ጭላዳዎቹ ትዝ ይሉኛል። ልታያቸው ጠጋ ብላ ቢሆንስ? ሣሩ እርጥብ ነው፣ የላስቲክ ጫማዋ ያንሸራትታል። እሱን ስተው ሌላው ይመጣል። አንድ ያልታወቀ መኪና ቆሞ "ነይ ላድርስሽ" ብሏት ቢሆንስ? ጅቡስ? ዱዓ እንኳ ማድረግ አቃተኝ።

"በእኔ ነው" አለ ይባረክ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። "ብትቆጡም መቁጠር ነበረብኝ።"

ኸሊል ጉልበቱ ላይ ያለችውን ክር ይለቅማል። ክር የለም፤ ግን ይለቅማል። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። "ራቢዓ፣ ምን ነበር የለበሰችው?" አለኝ። የሰፋላት እሱ ራሱ ነው። ረስቶታል።

ኮሶዬ ጉም ውጧታል። ባሕር ዛፉ ሥር ደረስን፤ ማንም የለም። የቆረስኩላቸው ዳቦ ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም፣ ወፍ ለቅሞታል። "መርዋ!" አልን። ጉሙ ድምፃችንን ይውጠዋል። ኸሊል ወደ አፋፉ ሄደ፤ አንገቱን አስግጎ ወደ ታች ሲጣራ ስሰማ እሱንም ላጣው ነው አልኩ። ያን ጊዜ ከአፋፉ ጥቂት ፈቀቅ ካለ ቦታ የሰው ድምፅ ሰማን። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ገደሉ ጫፍ ላይ ተሰብስበው ወደ ታች ያያሉ። አንዱ ራሱን ይነቀንቃል። ሌላው ገመድ ይዟል።

እኔ አልሄድኩም። መሄድ አልቻልኩም። መንገዱ መሃል ተቀመጥኩና ፊቴን በሻርፔ ሸፈንኩ። የኸሊል እግር ሲሮጥ ሰማሁ፤ ቆመ። ከዚያ ምንም የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው፣ ደረሰ አልኩ በልቤ። እግሩ ሲመለስ ግን ይሮጣል።

"ጊደር ናት" አለኝ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ራቢዓ፣ የሰው ጊደር ናት የወደቀችው። ተነሺ።"

ምስኪኑ ባለ ጊደር ለራሱ ኀዘን ላይ ነው፤ እኔ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ካሉት ሰዎች አንዱ ሽማግሌ ወደ እኛ መጣና "ትንሽ ልጅ ነው የጠፋችባችሁ? ጠዋት እዚያ ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ዝናሽ ወሰደቻት። ያቻትና ቤቷ" ብሎ ጭስ የሚወጣበትን ጎጆ አሳየን። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል።

ዝናሽ በሩ ላይ ተቀበለችን። መልኳ የተቆጣ ነበር፤ ብትቆጣም እውነቷን ነው። "ምነው፣ እንዲህ ያለች ሸጋ ልጅ ይረሳል?" አለች። "ወጥ ባቀርብላት የናንተን ሥጋ አልበላም አለችኝ። ቆሎ ሰጠኋት። ከድንጋዩ አልነሳ ብላ አስቸግራኝ ነበር፤ ይመጣሉ፤ ከጠፋሽ ካለሽበት አትነሺ ብለውኛል እያለች። ለምኜ ነው ያስገባኋት።"

ቤቱ ጨለማ ነው። ዓይናችን ሲለምድ ከመደቡ ላይ አየናት። የዝናሽን ጋቢ ተከናንባ፣ በሁለት እጇ ቆሎ ይዛ ተቀምጣለች። ዘልዬ አቀፍኳት። ሸተትኳት፣ ጸጉሯን፣ ጣቶቿን ዳሰስኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ በሩን ታያለች። አባቷ ገባ፤ አየችው። አሁንም በሩን ታያለች። ማንም አልተከተለንም።

"እነኡዘይርስ?" አለች።

ኸሊል ከፊቷ ተንበረከከ። የነገሥታቱን ሁሉ ስም በተራ የሚያስጠራው ሰው ጋቢዋን ማስተካከል ያዘ።

"እነሱን ደግሞ የት ጣላችኋቸው?" አለች።

ኸሊል ፊቱን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ። መርዋ እጇን ፈትታ፣ ቆሎውን መደቡ ላይ አስቀመጠችና ጸጉሩን ነካችው። ታዝንለት ነበር መሰለኝ።

"ሂዱና አምጧቸው" አለችን። "እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ። ለምጃለሁ።"