ሐቅ ያለው ይናገር

ውሸት ነው አልኳት ዘሃራን። እህቱ ናት፤ በወንድሟ ሞት አትቀልድም። ግን ከአፌ የወጣው እሱ ነው፤ ውሸት ነው።

ይማም አረፈ። የመካነ ሰላሙ ይማም፣ ጓደኛዬ፣ ወንድሜ።

ዛሬ ጠዋት እሷ ከመደወሏ በፊት እንደ ልማዴ በኮምፒውተር ጠርቼው ነበር። «የጠሩት ሰው የለም» አለኝ ኮምፒውተሩ። መብራት ሄዶባቸው ይሆናል ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። እንዲያው ሻዬን ጠጣሁ።

ይህን የምጽፈው አቀስታ ላይ ከቆመ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከኮምቦልቻ ስነሳ ለቀብሩ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። አልደረስኩም፤ አሁን ደውለው ተፈጸመ አሉኝ። አውቶቡሱ ሙሉ ነው፤ ይማምን የሚያውቅ ግን አንድ ሰው የለበትም። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

እኔና እሱ ከሌሎች ጋር ሆነን አንድ በዕድሜ የገፋ የኮምፒውተር ሲስተም እንጠብቃለን። ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ በነፃ ይወስደዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል። ብዙ ዘመን የኖረ ነገር ደግሞ ጓዙ ይበዛል። ማንም የማይገለገልበት፣ ለሌባ ግን በር የሚከፍት አሮጌ ነገር ይከማቻል። ይማም እሱን ነበር የሚያወጣው። አዲስ ለጨመረ ይጨበጨባል፤ አሮጌ ላወጣ ማን ያጨበጭባል? እሱ ግን ግድም አልነበረው።

አባቱ ሼህ ናቸው፣ ቁርአን ያስቀራሉ። ጀናዛ ላይ ከመስገዳቸው በፊት ወደ ሰዉ ዞረው፣ በሟቹ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፣ የሌለው አውፍ ይበል ይላሉ፤ ሐቅ የሚሉት ያልተከፈለ ዕዳን፣ ያልተመለሰ መብትን ነው። ሰዉም አውፍ ብለናል፣ ይቅር ብለናል ይላል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ወሎ ላይ ለቀብር ማን ይለያል፣ ስንቴ አብሬ ብያለሁ። ይማም ይህንኑ ወደ ኮዱ አመጣው። አንድ ነገር ከማውጣቱ በፊት ለሁሉም ያስታውቃል፤ ይህ ሊወጣ ነው፣ የምትገለገሉበት ካላችሁ ተናገሩ ይላል። ከዚያ ይጠብቃል። ለእኔ ሲነግረኝ ግን ባባቱ ቋንቋ ነው፦ «ሐቅ ያለው ይናገር።»

አንድ ጊዜ አንድ የጥንት ፕሪንተር የሚያሠራ ኮድ ሊያወጣ አስታወቀ። ሁሉም ይውጣ አለ። ኋላ ሩቅ አገር ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ እኔ አለሁ ብለው ጻፉ። የመንደራቸውን ክሊኒክ ካርድ የሚያትሙት በሱ ነው። አዲስ ይግዙ ተባለ። ይማም እምቢ አለ። ሐቅ ያለው እያለ አይቀበርም ብሎ፣ ለአንድ ሰው ሲል ያን የዛገ ኮድ ሲጠግን ከረመ። ምን ዓይነት ግትር ነህ ስለው መልሱ አብሽር ነው።

እኔና እሱ የምንጨዋወትበትም እንዲሁ ያረጀ ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ከላይ እኔ ከታች እሱ እንጽፋለን። የምትጽፈው ፊደል በፊደል ይታያል፤ ስታመነታም፣ ስታጠፋም። ኔትወርክ ሲደክም ድምፅ አያልፍም፣ ይሄ ግን ያልፋል። ዓለም ከተወው ቆይቷል። እኔ ግን ኮምቦልቻ ብቻዬን ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ። ከሥራ ገብቼ የማወራው ሰው የነበረኝ እዚያ ውስጥ ነው።

ፕሮግራሙ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንጽፈው። ይማም ደግሞ «እ»ንም «አ»ንም በአንድ ፊደል ነው የሚጽፋቸው። አንዴ ቅዳሜ እመጣለሁ አለኝ። ቤቴን ጠርጌ፣ ከሙስሊም ሉካንዳ ሥጋ ገዝቼ፣ መናኸሪያ ተገትሬ ዋልኩ። የመጨረሻው አውቶቡስ ገባ፣ እሱ የለም። ለካ «አመጣለሁ» ነው ያለው፤ ያስተካከለውን ኮድ። ስነግረው ሳቀ ሳቀና፣ የሚመጣ ሰው ናፍቆህ ነው እንጂ እንደዚያ አይነበብም አለኝ። እውነቱን ነበር። በሳምንቱ የአገሩን የወሎ ቦረናን ማር ይዞ ከች አለ። ይኸው፣ እመጣለሁም አመጣለሁም እያለ ገባ።

ባለፈው ወር ይህም ፕሮግራም ሊወጣ ነው ብሎ ራሱ አስታወቀ። መታመሙን አውቃለሁ፤ እንዲህ መጨከኑን ግን አላወቅሁም። ተቆጣሁ። እኛ አለን አይደል ወይ፣ ሐቅ ያለው እያለ ይቀበራል ወይ አልኩት። ከታች በኩል ፊደሎቹ ቀስ እያሉ መጡ፣ ጠፉ፣ እንደገና መጡ።

«አንዱ ከሄደ ለአንድ ሰው ምን ያደርግለታል? ባዶውን ግማሽ ስታይ እንዳትውል ብዬ ነው።»

ከዚያ አብሽር ብሎ ወጣ። እኔ ነገሩ ስለ ኮድ መስሎኝ ለቀናት አኮረፍኩት።

ሐቅ ያለው የሚናገርበት ቀን ገና አላለፈም። እኔ አለሁ ብዬ አንድ መስመር ብጽፍ፣ በራሱ ሕግ ፕሮግራሙ ይቆያል። ከደሴ ጀምሮ ስልኬን ይዤ እሱን መስመር እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። የሚያየኝ ሰው ግን ከታች የለም።

ይማም፣

አባትህ ዛሬ ባንተ ላይ ቆመው ሐቅ ያለው ይናገር ብለዋል አሉ። ድምፃቸው አልተሰበረም አለችኝ ዘሃራ። ሰዉ ሁሉ አውፍ ሲል እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። እዚህ ልበለው። ባንተ ላይ ሐቅ የለኝም። በፕሮግራሙም የለኝም፤ ይውጣ፣ አልናገርም። ለአንድ ሰው አይሆንም ብለሃል፣ አንድ ሰው ሆኜ አየሁት፣ አይሆንም።

ማታ ማታ ማንን እንደማወራ ግን አላውቅም። እሱን አልነገርከኝም።

አላህ ይዘንልህ። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። ምንም አልያዝኩም፣ ባዶ እጄን ነኝ። እመጣለሁ። በ«እ» አንብበው።