ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ የፈላው ሞተር

ከቂርያት ጋት የተነሣነው ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ አባባና እኔ ብቻ። አባባ በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ወጥተው፣ ሄርዝል ተራራ ላይ፣ ከኢትዮጵያ ሲመጡ በመንገድ ሞተው የቀሩት አይሁድ ወገኖቻችን መታሰቢያ ዘንድ ለጸሎት ይቆማሉ። ከጎንደር ተነሥተው ሲመጡ ታናሽ ወንድማቸው ሱዳን ላይ ቀርቶባቸዋል። እስካሁን የሚሄዱት በአውቶብስ ነበር። ዘንድሮ ግን «እኔ አደርስዎታለሁ» አልኳቸው፤ በገዛ እጄ ባስነሣኋት ጂፕ።

ጂፗ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አንድ ገበሬ ዶሮ ሲያሳድርባት ነው ያገኘኋት። በጸባ፣ ማለትም በውትድርናዬ ጊዜ፣ መካኒክነት ተምሬ እስከ ዛሬም የምኖረው በእሱ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ሞተሯን በትኜ መልሼ ገጠምኩ። አባባ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብለው አላዩኝም። «ቢሮ ተቀምጠሽ ብትሠሪ ምን አለበት?» ይሉኛል። ሴት ስለሆንኩ ነው ብዬ ስናደድ ኖሬአለሁ።

ሽቅቡ

ሜዳው ላይ እንደ ልባችን ሄድን። የታጨደው የስንዴ ማሳ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል። አባባ መስኮቱን አውርደው ነጠላቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ደስ ብሏቸዋል። ሻዓር ሃጋይ ደርሰን ጥድ የለበሰውን ዳገት ስንጀምር የሙቀት መለኪያው መርፌ ከቦታው ተነቃነቀ። የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ ጥጉ ከፈትኩት።

«ስንዱ፣ በዚህ ሐሩር ደግሞ እሳት ታነጃለሽ?»

«ከሞተሩ ላይ ሙቀት እንዲቀንስ ነው፣ አባባ።»

«እኛን ቀቅለሽ?»

መርፌው ትንሽ ወረደ። ላብ በላብ ሆነን ከተማ ገባን።

ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ዳቦና ወይራ ገዛን፤ ከጸሎቱ በኋላ አብረው ለሚቀመጡት ሽማግሌዎች ነው። ስንወጣ መንገዱ ተዘጋግቷል። ቆም፣ ሄድ፣ ቆም ስንል መርፌው ቀዩን ነካ። ሌላ ምርጫ አልነበረኝምና ባገኘሁት መታጠፊያ ሾልኬ ጸጥ ወዳለው ኢትዮጵያ ጎዳና ገባሁ፤ እዚያ ካለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ አጥር ሥር ጥላ ፈልጌ ሞተሩን አጠፋሁ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት እያፏጨ ወጣ።

አጥሩ ሥር

«እኔ በአውቶብስ ልሂድ» አሉ አባባ። «ጸሎቱ ሊያመልጠኝ ነው።»

«ትንሽ ይታገሡኝ። ካልሆነልኝ ታክሲ እጠራለሁ።»

አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በአጥሩ በር ብቅ ብለው አዩንና የውኃ ጀሪካን ይዘው መጡ። እጃቸው ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲዘረጋ ጮህኩ፤ «አይንኩት አባቴ! ሲከፈት ፊትዎን ነው የሚያቃጥለው!» ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ሳቁ። «ቁጣሽ የጎንደር ነው» አሉኝ። እሳቸው የደምቢያ ሰው ሆነው ተገኙ፣ አባባ የወገራ። ሞተሩ እስኪበርድ ሁለቱ ስለ አገራቸው ዝናብ ያወሩ ጀመር።

እኔን ያስፈራኝ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ነበር። እሱ ከተቃጠለ ጉዞውም የሁለት ክረምት ልፋቴም አበቃ። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዤ አየሁ። ራሱ ተቃጥሎ ውኃ አሳልፎ ቢሆን ዘይቱ ወተት ይመስል ነበር፤ ንጹሕ ነው። ራሱ ተርፏል። የማራገቢያው ቀበቶም አልላላም። ውኃው የጎደለው ጥቂት ነው፣ ሞላሁት። ሞተሩን አስነሥቼ ከሞተሩ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን የላይኛውን ቱቦ በእጄ ያዝኩ። መርፌው ወደ ላይ እየወጣ፣ ቱቦው ግን ቀዝቃዛ ነው! የሞቀው ውኃ ወደ ራዲያተሩ አይወጣም ማለት ነው። መንገዱ ላይ ያለችው ደግሞ አንዲት ነገር ናት፤ ቴርሞስታት፣ ሙቀት ሲሰማት የምትከፈት ትንሽ የብረት በር።

አጥፍቼ፣ አብርጄ፣ ብሎኖቹን ፈትቼ አወጣኋት። እርግጠኛ ለመሆን በፈላ ውኃ መፈተን አለባት። መነኩሴው ከማድ ቤታቸው ውኃው የሚንተከተክ ድስት ይዘው መጡ። ጣልኳት። ሦስታችን ጎንበስ ብለን አየን። አልተከፈተችም።

«ሞታለች» አሉ አባባ። «ብረት እኮ ሲሞቅ ይላወሳል።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። «እርስዎ ይህን ከየት ያውቃሉ?»

ድስቱን እያዩ፣ «አባቴ ቀጥቃጭ ነበር» አሉ። «እኔም ወናፍ ስነፋ ነው ያደግሁት። ቡዳ ናቸው እያሉ ሰው ይሸሸን ነበር። እጅሽ በብረት ሲጠቁር ሳይ፣ ያ ስም እዚህም ተከትሎ የሚይዝሽ እየመሰለኝ ነው።»

አያቴ ገበሬ እንደነበሩ ብቻ ነው የማውቀው። ቀድመው የተናገሩት መነኩሴው ናቸው።

«የእኔ አባት ያረሰው የእናንተ ሰዎች በቀጠቀጡት ማረሻ ነው። ከማረሻው እየበላን፣ የሠራውን እጅ ሸሸን። ይቅር ይበሉን።»

አባባ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው፣ «አሁን ምን ቀረሽ?»

ሞተሩ ያለ ቴርሞስታት ለአንድ ቀን ይሄዳል። ቴርሞስታቷ የተቀመጠችበት ክዳን ላይ የነበረው፣ ውኃ እንዳይፈስ የሚይዘው ማሸጊያ ወረቀት ግን ስፈታው ተቀዷል። መነኩሴው የጧፍ ካርቶን አመጡ። መቀስ ስፈልግ አባባ ካርቶኑን ክዳኑ ላይ ዘርግተው፣ ትንሿን መዶሻዬን አንሥተው ጠርዝ ጠርዙን መታ መታ ያደርጉት ጀመር። የብረቱ ጠርዝ ራሱ ካርቶኑን ቆረጠው፤ ቀዳዳዎቹ ሳይቀሩ ልክ ወጡ። ጸባም እንዲሁ ነው ያስተማሩኝ፤ እንዲህ ግን አያምርልኝም። ገጠምኩት፣ ውኃ ሞላሁ፣ አስነሣሁ። መርፌው እስከ መካከል እንኳ ሳይደርስ ቆመ። መነኩሴው አጨበጨቡ።

ሄርዝል ተራራ

የደረስነው ቄሶቻችን ጸሎቱን ጀምረው ነው። አባባ ከድንጋዩ አጠገብ ቆመው የወንድማቸውን ስም በለሆሳስ ሲጠሩ ሰማሁ። ከጸሎቱ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዳቦውን እየቆረሱ፣ በምን እንደመጡ ጠየቋቸው። አባባ ክንዴን ይዘው ወደ መካከል ሳቡኝ፤ ጣቶቼ ገና ግራሶ ናቸው። «ይቺ ናት ያመጣችኝ። መኪናዋንም እሷ ናት የሠራቻት» አሉ። ጣቶቼን ለመደበቅ አልሞከርኩም።

ቤት

ቁልቁለቱን በቀዝቃዛ ሞተር ወረድን። በመንገድ ላይ ስለ ወናፉ፣ ስለ ከሰሉ፣ ብረት መልኩ ምን ሲመስል እንደሚመታ ጠየቅኳቸው፤ ሳይሰስቱ ነገሩኝ። እስከዚያ ቀን ሙያዬን የሰጠኝ ጸባ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከእኔ በፊት በብረት እንጀራ የበሉ ሰዎች እንዳሉኝ ያወቅሁት አንዲት ትንሽ የብረት በር አልከፈት ስላለች ነው። አሁን ሙያዬን ሲጠይቁኝ የእነሱንም እጨምራለሁ።

እማማ በር ላይ ጠበቀችን። «በሰላም ገባችሁ? መኪናዋ አላስቸገረቻችሁም?»

አባባ በሩን ከኋላቸው አልዘጉም፤ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «እንዴት አታስቸግር! ፈታናት፣ ቀቀልን፣ ቀጠቀጥን!» አሉ።

እማማ ደንገጥ አለች። «ማነው የቀጠቀጠው?»

«እኔና ልጄ ነና!»