ሚኪ የሌለበት ኮንሰርት

ሰሞኑን ውሃ ጠፍቷል። ዛሬ ጠዋት እማዬ ባዶዎቹን ቢጫ ጀሪካኖች ደጅ አውጥታ ፀሐይ ላይ ደርድራቸው ነበርና፣ ከጎፋ ስመለስ የጋለው ፕላስቲክ ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ ስንት ዓመት ውሃ ብቻ ተቀድቶባቸውም ፀሐይ ሲያገኛቸው ያ የድሮው የምግብ ዘይት ሽታ ከውስጣቸው ይወጣል። ቆም አልኩ። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ አንዱን በጣቶቼ ጫፍ መታ መታ አደረግኩት። እማዬ ከውስጥ ሆና፣ "ናቲ፣ ተው" አለችኝ። ተውኩት። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ እኛ ቤት ራዲዮ አይከፈትም፣ ማንም አያፏጭም፣ ጎረቤት እንኳ በእኛ ደጅ ሲያልፍ የስልኩን ዘፈን ይቀንሳል።

እነዚያ ጀሪካኖች የወንድሜ የሚክያስ የመጀመሪያ ድራሞች ነበሩ። እዚሁ ነፋስ ስልክ፣ እዚሁ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው ያደግነው፤ ጊቢው የአራት ቤተሰብ፣ ቧንቧው አንድ፣ ውሃውም በፈረቃ የሚመጣ። የሞላ ጀሪካን ድምፅ የለውም፤ ብትመታው እጅህን ያምሃል እንጂ አይመልስልህም። ውሃ በጠፋ ቁጥር ግን ጀሪካኖቹ እየጎደሉ፣ እየጎደሉ ይሄዳሉ፣ ድምፃቸውም በዚያው ልክ ይከፈታል፤ ግማሽ የቀረው ወፍራም፣ ጥቂት የቀረው ቀጠን ያለ፣ ባዶው ደግሞ ሰፊ ሆኖ ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ። ስለዚህ የጊቢው ሰው ሁሉ በውሃ ተማርሮ ፊቱን ሲያጠቁር የሚኪ ድራም ሙሉ ይሆናል። የሚፈልገው ድምፅ ከጠፋበት ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጣል፤ እማዬ ለወጥ ያስቀመጠችውን ውሃ ፍለጋ ክዳን ስትከፍት ስትዘጋ፣ ሚኪ ጥግ ይዞ ደብተር የሚያነብ ይመስላል። እኔ ትልቁ ጀሪካን እንዳይንሸራተት ላዩ ላይ እቀመጥ ነበር። የዚያን ጀሪካን ምት በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በመቀመጫዬም አውቀዋለሁ።

ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ዘነበች ሁልጊዜ አንድ ንግግር ነበረቻቸው።

"ሚክያስ፣ ውሃውን የምታባርረው አንተ ነህ አሉ። እስቲ አንድ ቀን ዝም በልና ይመጣ እንደሆነ እንየው።"

"እትዬ፣ እሱ ሲመጣ እኮ እኔ ሥራ እፈታለሁ" ይላቸዋል።

"ፍታ! ፍታና ገላዬን ልታጠብበት።"

ይስቃሉ። ተናደው ሲስቁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉ ነበር።

ሚኪ ከፍ ሲል ከቤታችን ኋላ ባለው የወጣት ማዕከል እውነተኛ ድራም አገኘ። ማዕከሉ ያኔ አንድ አዳራሽና አንድ የዕቃ ክፍል ነው፤ ድራሙም አሮጌ፣ ሲምባል የሚሉት አንደኛው የናስ ሳህን ዳሩ ተሰንጥቆ ሲመቱት ድስት ወለል ላይ የወደቀ ይመስላል። ሚኪ፣ እንግዳ ሲመጣ የሶፋውን የተቀደደ ጎን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞር ሰው፣ የተሰነጠቀውን ጎን ወደ ኋላ አዙሮ በደህናው ይጫወት ነበር። ከጓደኛው ከቢኒ ጋር ባንድ መሠረቱ፤ ቢኒ ኪቦርድ፣ እሱ ድራም፣ የሚዘፍነው ሰው ግን እንደ ወሩ ይለያያል። ቅዳሜ ከሰዓት ኮንሰርት አለ ይባልና ከጎፋም ከሀይሌ ጋርመንትም ሰው ይመጣል።

አዳራሹ ግን መቀመጫ አልነበረውም። አግዳሚ ወንበሮቹ የሚመጡት ከሰፈራችን እድር ነው። ዓርብ ማታ ባንዱ ተሸክሞ ያመጣል፣ እሑድ ጠዋት ተሸክሞ ይመልሳል። በመሃል ሰው ከሞተ ወንበሮቹ ወደ ሐዘን ቤት ይሄዳሉ፣ ኮንሰርቱም ይቀራል። እንዲህ ነው ስምምነቱ። በእኛ ሰፈር ሙዚቃ የነበረው ሰው ባልሞተ ጊዜ ብቻ ነው፣ ማለት ይቻላል።

አንድ ቅዳሜ ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቁ ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ መድረኩ አጠገብ ቆመው፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁ። ጨዋ ሰው ናቸው። ከዚያ፣ "ልጆቼ፣ አዝናለሁ። ዘነበች አረፈች" አሉ። ማንም አልተከራከረም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ብድግ አለና የተቀመጠበትን ወንበር ጫፍና ጫፍ ይዞ ወጣ። የዘፈን ልብስ የለበሰ ሁሉ አግዳሚ ተሸክሞ በሰልፍ ወደ ጊቢያችን ሲገባ አስቡት። ሚኪ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ስንሄድ የድራም እንጨቶቹ የኋላ ኪሱ ውስጥ ነበሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ዞር ብሎ፣ "አየህ ናቲ፣ በመጨረሻ ዝም አሰኙኝ" አለ፤ ሊስቅ ነበር፣ አልሆነለትም።

ሚኪ ያረፈው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ታሞ ብዙም አልቆየም። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም፣ ይቅርታ። ኮንሰርት ነበረባቸው፤ ወንበሮቹም ዓርብ አዳራሽ ገብተው በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ነበር። እነ ቢኒ ራሳቸው ወደ እኛ ቤት አመጧቸው። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጥኩበት አግዳሚ መደገፊያ ላይ በኖራ "ፊት" የሚል ተጽፎ ነበር፣ ፊተኛው ረድፍ ማለት ነው። ጽሑፉ የሚኪ ነው። ሰው እየመጣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ሲል እኔ ያንን ጽሑፍ በጀርባዬ ሸፍኜ ቀረሁ፤ ያየው ሰው የሚያጠፋው መሰለኝ።

አሁን ጥቅምት ገባና ማዕከሉ በየቅዳሜው ኮንሰርት እንዳለ አስታውቋል። ወረቀቱ በየመብራት እንጨቱ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ተለጥፏል። ቢኒ መጥቶ አጥሩ ሥር አቆመኝ።

"ናቲ፣ ኪቦርዱ ውስጥ የተቀዳ የድራም ሪትም አለ፤ እሱን እንለቀዋለን። አንተ ሐዘንተኛ ነህ።"

"ሚኪን በአዝራር?"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"እኔ እመታለሁ፤ እሱ አስተምሮኝ የለ?"

"ጥቁር ለብሰህ? ሰፈሩ ይበላናል እኮ።"

"ይብላን።"

እንዲህ መልሼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። በትምህርት ቤትም ስጠየቅ መልሱን እያወቅኩ የምንተባተብ ነኝ። ግን ሰው ሁሉ ዝምታውን ለሚኪ የሚሰጠው ክብር አድርጎ ሲቆጥረው አይዋጥልኝም። በሕይወቱ ሙሉ ዝም በል ሲባል የኖረ ልጅ ነው። በሞቱ ደግሞ በስሙ ሌላውን ዝም ሊያሰኙበት ነው እንዴ?

ጋሽ ወርቁ ዘንድ ስለ ወንበሮቹ ሄድኩ። ቁጭ አስደርገው አዳመጡኝ።

"ልጄ፣ ሐዘን ወግ አለው። የእናትህ ጥቁር ሳይወልቅ ወንድም ድራም ቢመታ እኛ ሽማግሌዎቹ ምን ልንባል ነው? ዓመቱ ይውጣና ወንበሩን ራሴ እሸከምልሃለሁ።"

"ጋሽ ወርቁ፣ እሱ እያለም ሰው በሞተ ቁጥር ኮንሰርቱ ይቀር ነበር። ዓመቱ እስኪወጣ ሌላ ሰው ይሞታል።"

ባርኔጣቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩና፣ "እናትህ ከፈቀደች እድሩ አይከለክልም። ካልፈቀደች ግን ወንበርም የለ፣ እኔም አላይህም" አሉ።

ከጋሽ ወርቁ ቤት ስወጣ፣ እማዬ እንቢ ብትል እንደማልመታ አወቅኩ። ሰፈሩን መጋፋት እችላለሁ፣ እሷን አልችልም። አንድ ልጅ ነው የቀራት።

ዛሬ ከሰዓት ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። አንደኛ ነገር ብዬ ጀምሬ ሁለተኛው ጠፋኝ። ቢላዋውን አላቆመችም። ጥቁር ሻሿ ግንባሯ ድረስ ወርዷል፤ በነዚህ ወራት ፊቷ እንዴት እንዳነሰ ያኔ አየሁ።

"ሰው ምን ይላል?" አለች።

"ይላል።"

"ልጇ ሳይበሰብስ ዘፈን ከፈተች ይላሉ።"

"አዎ፣ ይላሉ እማዬ።"

ሽንኩርቱን ጨርሳ ልጣጩን በእጇ ሰበሰበች።

"እኔ አልመጣም" አለች። "ጥቁሬን ይዤ ዘፈን ቤት አልገባም፤ አንተም ጥቁርህን አታወልቅም፣ እንደለበስክ ነው የምትመታው። ለወርቁ ፈቅዳለች በለው።" ተነስታ ወደ ውስጥ ስትገባ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ደግሞ የአዳራሹን በር አትዝጉት። ሲዘጋ እዚህ ድረስ አይሰማም" አለች።

ይህ ከሆነ ሁለት ሰዓት አልሞላውም። ለቢኒ ደውዬለታለሁ፤ ወንበሩን ዓርብ እንሸከማለን። ሊያማን የሚመጣ ሰው ካለ ይምጣ፣ ቦታ አለ። እኔ ስመታ እፈጥናለሁ፤ ሚኪ አይፈጥንም ነበር፣ ዘፈኑ ወደ እሱ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ቅዳሜ ብቸኩል ከጎኔ ሆኖ በዓይኑ የሚይዘኝ የለም፤ እማዬም ቤቷ ተቀምጣ ገና ከመጀመሪያው ዘፈን እጁ የሚኪ እንዳልሆነ ትለየዋለች። ትለየው። በሩን ግን ሁለቱንም ክንፍ እከፍተዋለሁ፣ ነፋስ እንዳይመልሰውም ድንጋይ አስደግፍበታለሁ።