ሁለቱም አሉ

ዘንገና ሐይቅ ላይ ጥበቃ ሆኜ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ቀን ኃላፊያችን ፊሽካ፣ የፕላስቲክ ቦት ጫማና አንድ ወፍራም መዝገብ አስረከበኝ። መዝገቡ ላይ በየማለዳው ሐይቁ ላይ የታዩ አእዋፍ ይመዘገባሉ። ከዚያም ዳር ላይ ሣር የሚግጡ ሁለት ዝይዎችን አሳየኝ።

«እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው። አንዱ ቢሞት እንኳ ሌላው ብቻውን ይቀራል እንጂ ሌላ አያገባም። ለጎብኚ እንዲህ ብለህ ንገር» አለኝ።

«ማን አይቶ?» አልኩት።

«ሁሉም ያውቀዋል።»

ሁሉም ያውቀዋል የሚባል ነገር አልወድም። ዳንግላ ገበያ ጤፍ የምገዛው ከጆንያው ሥር አስዘግኜ ነው። ሚስቴ «አንተ እኮ ጥላህንም ትጠረጥራለህ» ትለኝ ነበር። ዝይዎቹንም ላጣራ ብዬ መከታተል ጀመርኩ።

የዝይ ወንድና ሴት ላባቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ሴቷ ትጮኻለች፣ ወንዱ እፍ እፍ ይላል። ደግነቱ ይሄኛው ወንድ በግራ እግሩ ያነክሳል። ከጥበቃ ቤቱ በር ላይ ሆኜ አንካሳውን አያለሁ፣ «ሁለቱም አሉ» ብዬ እጽፋለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

እሑድ እሑድ ከቆሰበር ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ ይመጣሉ። ፎቶ አንሺው ዝይዎቹ ከኋላ እንዲገቡ አድርጎ ያቆማቸዋል፣ እኔ የታዘዝኩትን እናገራለሁ፣ ሚዜዎቹ ያጨበጭባሉ። መጀመሪያ ላይ በግማሽ አፌ ነበር የምናገረው። መዝገቡ እየወፈረ ሲሄድ ግን በሙሉ አፌ ሆነ።

በሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ የሺ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሚስቱ የሞተችበት አንድ የዳንግላ ባለጋሪ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ቢልክባትም ሁለቱንም ጊዜ መለሰቻቸው። አንድ ቀን ብርጭቆዎቿን አጥባ ስትጨርስ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሽ ታደለ፣ ሰውየው ደግ ነው። ልቤም አልጠላው። ግን በየሳምንቱ እርስዎን እሰማለሁ፤ እኔ ከዝይ ላንስ ነው? እውነቱን ይንገሩኝ፣ ያዩት ነው የሰሙት?»

«መዝገብ አለኝ» አልኳት በኩራት።

አንገቷን ደፍታ ሄደች። አካሄዷ አላማረኝም። መዝገቡን ገለጥኩት። ሐምሌም ነሐሴም፣ ጉም ሐይቁን ሸፍኖ የገዛ እጄን በማላይበት ቀን ሁሉ «ሁለቱም አሉ» ይላል። ሴቷን ዝይ መቼ ነው ያየኋት? አባወራው ካለ እመቤቲቱ የት ትሄዳለች እያልኩ ነው የሞላሁት። አንድ ክረምት ዳር ላይ ብዙ ላባ ተበትኖ አግኝቼ የዳክዬ ነው ብዬ ማለፌም ትዝ አለኝ። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ኖሬ የራሴን እጅ ጽሑፍ አንድ ቀን አልጠረጠርኩትም።

በማግስቱ በባጃጅ ቆሰበር ወርጄ ፎቶ ቤት ገባሁ።

«ምን ጠፋብዎት?» አለኝ ፎቶ አንሺው።

«ዝይ።»

ስቆ የድሮ ሙሽሮችን ይፈልግልኝ ጀመር። ኮምፒውተሩ ሲዘገይበት፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይቺም እንደዚያው ናት» አለ። ዝይ ደረቱ ላይ ቡናማ ምልክት አለው። የአንካሳው ምልክት በሁሉም ፎቶ ያው ነው። የሚስቱ በቆዩት ፎቶዎች ላይ ሰፊና መሐሉ የተሰነጠቀ ነው፤ ላባውን ካገኘሁበት ክረምት በኋላ ባሉት ላይ ትንሽና ክብ ነው።

«ሚስት ቀይሯላ! አይፍረዱበት፣ ይቺ ሙሽራም ባሏን ቀይራለች» አለኝ።

እኔ ግን አፈርኩ። ሁለቱን ፎቶ አሳጥቤ ለየሺ ወሰድኩላት።

«መጀመሪያይቱ እስካለች ድረስ ከእሷ አልተለየም። ስትጠፋ ሌላ አገባ። እኔ ሳላይ ነው የጻፍኩት» አልኳት።

ፎቶዎቹን ደጋግማ አየች።

«ታዲያ እኔን ይሄን ያህል ጊዜ ያስቀመጡኝ በጉም ውስጥ ያላዩትን ጽፈው ነው?»

«አዎ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትቆጣም መብቷ ነበር። ሻይ ቀድታ ሰጠችኝ።

«ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ እንዲመለሱ እልክባቸዋለሁ። እርስዎም በእኔ ወገን ይቀመጣሉ። ይሄ ቅጣትዎ ነው» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። አሁን ዳንግላ ነው ያለችው፤ ገበያ ስወርድ ባሏ በጋሪው ሳያደርሰኝ ቀርቶ አያውቅም።

ጡረታ ስወጣ መዝገቡን ለተተኪዬ አስረከብኩ፤ ደንቡንም ነገርኩት። ሁለት ተብሎ የሚጻፈው ሁለቱም ሲታዩ ነው፤ ጉም በሆነ ቀን «አልታዩም» ተብሎ ይጻፋል።