ሁለት ጊዜ እምቢ

ከናዝሬት የወጣሁት አመሻሽ ላይ፣ ሰዓት እላፊ ሳይገባ፣ ጨው ጭኖ ወደ ሞያሌ በሚሄድ መኪና ነው። ታናሽ ወንድሜ በወረቀት መበተን ተይዞ ከቀረ ወዲህ ቀበሌው እኔንም ይጠራኝ ጀምሮ ነበር። ተጠርተው ያልተመለሱ ጎረቤቶች ስለነበሩን እማዬ ተራዬን እንድጠብቅ አልፈለገችም። በር ላይ ቆመን ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ነጠላዬን አስተካከለችልኝና፣ "ሰው ቤት ስትገቢ ቶሎ እጅሽን አትዘርጊ፤ የማን ልጅ ናት እንዳይሉሽ" አለችኝ። አገር ጥላ ለምትጠፋ ልጅ የሰጠችው ምክር ይኸው ብቻ ነው።

በእኛ ቤት ደንቡ የታወቀ ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። የቀረበልሽን ሁለት ጊዜ እምቢ ትያለሽ። በሦስተኛው፣ ጋባዡ አፈር ስሆን ብሎ ሲለምንሽ፣ ለእሱ ብለሽ ትበያለሽ። ሾፌሩ ጋሽ ከድር የአባቴ ወዳጅ የነበሩ የአርሲ ሰው ናቸውና ደንቡን ያውቁታል። መቂ ላይ ዳቦና ፓፓያ ገዝተው ቢሰጡኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳልቀምስ፣ ኧረ ጠግቤያለሁ አልኳቸው። እሳቸውም እስኪበቃኝ ለመኑኝና በላሁ። በየኬላው የእህቴ ልጅ ናት ስለሚሉ እስከ ሞያሌ ድረስ ስሜ ዘይነባ ነበር። ዘይነባ መሆን አልከበደኝም፤ ዘይነባም ሁለት ጊዜ እምቢ ትል ነበር።

ሞያሌ ላይ ከብት ነጂዎች መሃል ገብቼ በእግሬ ተሻገርኩ። ከዚያ ከአንዱ ጭነት መኪና ወደ ሌላው እየተጫንኩ ናይሮቢ ደረስኩ። ናይሮቢ ብርድ ነው። አፍሪካ ነው ብዬ ሹራብ ሳልይዝ መምጣቴን ስነግራቸው የአገሬው ሰዎች የት ኖረሽ ነው አሉኝ። ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ቅቤና በርበሬ የረሱበት ገንፎ ነው። እኔና አብረውኝ የተሰደዱ ሴቶች ተጠጋግተን አንዲት ክፍል ተከራየን። አከራያችን ውሃ ማክሰኞ ይመጣል አለን። የትኛው ማክሰኞ ብለን ብንጠይቀው እሱም እየጠበቀ እንደሆነ ነገረን። ውሃው ሳይመጣ፣ ቤቱ ለልጁ ሠርግ ስለተፈለገ ልቀቁ አለን። ሴቶቹ ወደየዘመዳቸው ተበተኑ። እኔ ዘመድ አልነበረኝም፤ የዝናቡም ወራት እየገባ ነበር።

ስደተኛ የሚረዳ የቤተ ክርስቲያን ቢሮ ሄድኩ። መነጽር ያደረገች ኬንያዊት ፈገግ ብላ አስቀመጠችኝ።

"አንድ ክፍል አለን። ትወስጂዋለሽ?"

"ኧረ ግድ የለም፣ አትቸገሩ" አልኳት በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

ይህ ሁለተኛው መሆኑ ነው። አያስፈልግም ብዬ መሬት መሬቱን እያየሁ ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ሴትዮዋ ከልቧ አመሰገነችኝና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። የሚቀጥለው ገመቹ የሚባል የሻሸመኔ ልጅ ነበር። ገና ሳይቀመጥ በኦሮምኛ "ኤዬ" አለ፣ ከዚያ እሺታውን በእንግሊዝኛ ደገመላት። ክፍሉን ወሰደው። እኔ በሩ ላይ ትንሽ ቆየሁ፣ ምናልባት ትጠራኝ ይሆናል ብዬ።

ማደሪያዬ ቅዳሴ የምናስቀድስበት የውሰት አዳራሽ ጓዳ ሆነ፤ ከሚታጠፉት ወንበሮች ጋር። ብርዱ ሳል አስያዘኝ። እሑድ እሑድ ለመቁረብ የሚቀርቡት ሕፃናትና አሮጊቶች ብቻ ነበሩ፤ እኛ ወጣቶቹ እንደ አገራችን ከኋላ ቆመን እናያለን። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ቆርቤ አላውቅም። አንድ እሑድ ቀዳሹ አባ ተክሌ፣ ከዝዋይ የተሰደዱ ሽማግሌ ናቸው፣ ሳሌን ሰምተው ወደ ጓዳው ብቅ አሉ። መድኃኒት ያዙልኛል ስል ለምን እንደማልቆርብ ጠየቁኝ።

"አልበቃሁም አባ።"

"መቼ ነው የምትበቂው?"

እንጃ አልኳቸው። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

"ክፍሉንም ለሴትዮዋ እንዲሁ ብለሻታል አሉ።" ገመቹ ለሁሉም አውርቷል ማለት ነው።

"ያ ይሉኝታ ነው አባ። ይሄ ትሕትና ነው።"

"አልበቃሁም ማለትሽስ እውነት ነው" አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። "እኔም አልበቃሁም። ግን እንዲህ ብለሽ ትቀበያለሽ እንጂ እንዲህ ብለሽ ትሄጃለሽ? ጋባዡ እኮ እግዚአብሔር ነው። ስንት ዘመን እንዲለምንሽ ነው የምትፈልጊው?"

በጣም ተናደድኩ። ትሕትናዬ ከናዝሬት ይዣቸው ከወጣኋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነበር፤ እሱም ኬላ ላይ የተያዘብኝ መሰለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከአባ ጋር አልተነጋገርኩም። ግን ወንበሮቹ መሃል ተጋድሜ ሳስበው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው መለመኑን ነበር። እምቢ ባልኩ ቁጥር ከሚሰጠኝ ሰው በላይ ቁጭ ማለት ነው የለመድኩት። አፈርኩ።

ንስሐ ገባሁ፣ ጾምኩ፣ ከሕፃናቱ ኋላ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበረው ሕፃን ተራው ሳይደርስ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የኔ ተራ ሲደርስ እኔም ከፈትኩ። አፌን በነጠላዬ ይዤ ስመለስ አለቀስኩ፤ ደስታ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በማግስቱ ወደ ሴትዮዋ ተመለስኩ። ጥሩ ክፍል አልቋል፣ አሁን ያለው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ሁለት አልጋ ብቻ ነው የሚይዘው ስትል "አዎ" አልኳት። ገና ትወስጂዋለሽ ወይ አላለችኝም ነበር።

ይኸው እዚያው ነኝ። ሁለተኛው አልጋ ባዶ ነው። ጋሽ ከድር ከላኩልኝ ሰው እንደሰማሁት ቀበሌው አሁን እማዬን መጥራት ጀምሯል። እኔን ባወጡበት መንገድ ሊያወጧት ፈቅደዋል፤ የቀረው የእሷ እሺታ ነው። በቀጠሮ ናዝሬት ቴሌ መጥታ ጠበቀችኝና ደወልኩላት። ሰው እንደሚያዳምጠን ስለምናውቅ ስለ መንገዱ አላነሳንም።

"እማዬ፣ የነገሩሽን እሺ በይ።"

"ኧረ እኔ ግድ የለም፣ አንቺን እንዳላስቸግር።"

"አልጋው ተነጥፏል እኮ።"

"ኧረ ተይኝ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ።"

"አፈር ስሆን" አልኳት። መስመሩ ተቋርጧል። ሃሎ ሃሎ ስል ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ጨርሰሽ እንደሆነ ልቀቂልኝ አለኝ። አልጨረስኩም አልኩት። እማዬ እምቢ ያለችው ሁለቴ ብቻ ነው።