እማዬ፣ መዶሻው እና ሽንት ቤታችን

ዛሬ ጠዋት እማዬ የሽንት ቤታችንን የፍላሽ ታንከር በመዶሻ አደቀቀችው። መካኒሳ አቦ ያላችሁ ድምፁን ሳትሰሙ አልቀራችሁም።

ለሽንት ትንሽ ውሃ ብቻ የሚለቀውን፣ ባለ ሁለት ቁልፉን ሽንት ቤት እናስገባ ብዬ ታናሽ ወንድሜን ብሩክን ስለምነው ሳምንት ሆነኝ። «ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ቅንጦት ነው» ይለኛል።

ሮቶው ውስጥ የቀረችው ውሃ እስከ ሐሙስ ልታደርሰን ነበር። እሱ ዛሬ ለሽንት ብቻ ገብቶ ሁለቴ ፍላሽ አደረገ።

አንገቱን አነቅኩት። በቦክስ አፌን አለኝ። የእኔ ከንፈር ተሰነጠቀ፣ የእሱ አፍንጫ ደማ። (ስለ ውሃ ቁጠባ እየተወያየን ነው እንግዲህ።)

እማዬ መዶሻ ይዛ መጣች። «በቃ! አሮጌው ከሌለ አዲሱ ይገዛል!» ብላ ሦስቴ አሳረፈችበት።

ከሮቶው የሚመጣውን የውሃ መስመር ግን ማናችንም አልዘጋነውም ነበር። መዝጊያው ዝጎ አልዞር አለ። ሲደባደቡ የነበሩት አራት እጆች ቧንቧውን ለማፈን ተረባረቡ። ውሃው የቆመው ሮቶው ሲያልቅ ነው።

ክርክሩን አሸንፌያለሁ፤ አዲሱን ሽንት ቤት ነገ እናመጣለን። ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ነው።

እናንተስ ቤት ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰበረው ምንድን ነው?